ፈረሱ ቀይ ነበር ወይስ ሰማያዊ? ስለተዘጉ የመዝናኛ ፓርኮች የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም መልስ የምንሰጥባቸው አራት ደብዳቤዎች ከተለያዩ አንባቢያን የደረሱን ቢሆኑም የሚያነሡት ጉዳይ አንድ ነው። አራቱም ጸሐፊዎች በልጅነታቸው የተጫወቱበት፣ ዛሬ ግን በሩ በሰንሰለት ታስሮ ሣርና ቁጥቋጦ የወረሰው የመዝናኛ ፓርክ አላቸው። ደብዳቤዎቹን ቦታ ለመቆጠብ ስንል አሳጥረናቸዋል፤ የጸሐፊዎቹንም ስም በጠየቁን መሠረት አላወጣንም። በመልሶቹ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታትና ቀኖች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «አባታችን እኔንና ወንድሜን በዓመት አንድ ጊዜ የሚወስደን የመዝናኛ ፓርክ ነበር፤ ከተዘጋ ሃያ ዓመት አልፎታል። እኔ የምቀመጥበት የካሩሰል (ልጆችን አስቀምጦ ክብ የሚዞር መጫወቻ) ፈረስ ቀይ እንደ ነበር እምላለሁ፤ ወንድሜ ደግሞ ሰማያዊ ነበር ብሎ ድርቅ ይላል። ክርክሩስ ይሁን፤ የከበደኝ ሌላ ነገር ነው። ባለፈው ወር አንድ ወዳጄ የፓርኩን የዛሬ ፎቶግራፎች አሳየኝ። የፈረሶቹ አንገት ተሰብሮ፣ ጣሪያው ተደርምሶ፣ በመካከሉ ዛፍ በቅሎ አየሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዐይኔን ስጨፍን የሚመጣብኝ ያ ፎቶግራፍ እንጂ ያ ቀን አይደለም። ከሁለታችን የማን ትዝታ ነው ትክክል? የእኔንስ ማስመለስ ይቻል ይሆን?»

መልስ፦ በመጀመሪያ ከወንድምዎ ጋር ያለውን ክርክር እናብርደው፤ ሁለታችሁም ልክ ልትሆኑ ትችላላችሁና። በሥራ ላይ ባለ ፓርክ ውስጥ የካሩሰል ፈረስ ዕድሜውን ሙሉ አንድ ቀለም ይዞ አይኖርም። ልጆች ሲወጡና ሲወርዱ በጫማቸው የሚፍቁት፣ በላብ እጃቸው የሚይዙት፣ ፀሐይም የሚያነጣው ነገር በመሆኑ በየጊዜው እንደገና ይቀባል። አሮጌ የእንጨት ፈረሶችን የሚጠግኑ ባለሙያዎች ቀለሙን በጥንቃቄ ሲፍቁ አንዱ በሌላው ላይ የተነባበረ ብዙ ልባስ የሚያገኙት በዚህ ምክንያት ነው። አባታችሁ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይወስዳችሁ ከነበረ፣ አምና ቀይ ሆኖ የተዋችሁት ፈረስ ዘንድሮ ሰማያዊ ሆኖ ጠብቋችሁ ሊሆን ይችላል፤ እርስዎ የአንዱን ዓመት፣ ወንድምዎ የሌላውን ዓመት ይዛችሁ ቀርታችኋል ማለት ነው።

ሌላም ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። የቀድሞዎቹ ቀራጮች የፈረሱን ሁለት ጎኖች እኩል አይሠሯቸውም ነበር። ከውጭ ቆሞ ለሚመለከተው ሕዝብ የሚታየውን ጎን በአበባ፣ በዘርፍ፣ አንዳንዴም በመስተዋት ቁራጭ ያስጌጡታል፤ ወደ መሐል የሚዞረውን ጎን ግን ቀለል አድርገው ይተዉታል። በአሜሪካ የተሠሩት ካሩሰሎች የሰዓት ቆጣሪ ከሚዞርበት በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚዞሩ ያጌጠው ጎን የፈረሱ ቀኝ ሲሆን፣ በብሪታንያ የተሠሩት ደግሞ በሰዓት ቆጣሪው አቅጣጫ ስለሚዞሩ ያጌጠው ጎን ግራው ነው። ስለዚህ ፈረሱ ላይ የተቀመጠች እኅትና ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ተራውን የሚጠብቅ ወንድም አንዱን ፈረስ በሁለት መልክ ቢያስታውሱት ሊያስገርመን አይገባም።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ስንመጣ፣ ትዝታ ዕቃ ቤት ገብተን እንዳስቀመጥነው የምናነሣው ነገር አይደለም። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፍሬደሪክ ባርትሌት በ1932 ባሳተመው ሥራው ሰው ያለፈውን ነገር ባስታወሰ ቁጥር ከያዛቸው ቁርጥራጮች እየገጣጠመ እንደ አዲስ እንደሚሠራው፣ ጎደሎውንም ሊሆን ይገባዋል ብሎ በሚያስበው ነገር እንደሚሞላው አሳይቷል። ከመዝናኛ ፓርክ ጋር የሚገናኘው የታወቀ ጥናት ደግሞ አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤልሳቤጥ ሎፍተስ ከባልደረቦቿ ጋር የሠራችውና በ2002 የታተመው ነው። በልጅነታቸው የዲዝኒ ኩባንያ ፓርክ የሆነውን ዲዝኒላንድን ለጎበኙ ሰዎች ባግስ ባኒ የተባለውን የካርቱን ጥንቸል በዚያ እንዳገኙት የሚያስመስል የፈጠራ ማስታወቂያ እንዲያነቡ ተሰጣቸው። ቆየት ብለው ሲጠየቁ ጥቂት የማይባሉት ጥንቸሉን በዲዝኒላንድ አግኝተው እጁን እንደ ጨበጡ ተናገሩ። ባግስ ባኒ ግን የተፎካካሪው የዋርነር ብራዘርስ ኩባንያ ንብረት ስለሆነ በዲዝኒላንድ ሊገኝ አይችልም። ሰዎቹ አልዋሹም፤ የጨበጡት የአንድ ሌላ ገጸ ባሕርይ እጅ ሊሆን ይችላል፣ ማስታወቂያው ግን ያንን እጅ ለጥንቸሉ አለበሰው።

በእርስዎ ላይ የደረሰውም ከዚህ ብዙም አይርቅም። ደጋግመው ያዩት ፎቶግራፍ ትኩስ ስለሆነ ፓርኩን ባሰቡ ቁጥር ቀድሞ ይደርሳል፤ የቆየው ትዝታ ከኋላው ተሰልፎ ይቀራል። አልጠፋም፤ ተቀድሟል። እዚህ ላይ የግል አስተያየቴን ለመስጠት ይፈቀድልኝና፣ የተተዉ ፓርኮችን የሚያነሡ ሰዎች ፎቶግራፎች እርስ በርሳቸው ከመመሳሰላቸው የተነሣ የየትኛው ፓርክ እንደ ሆነ ለመለየት እስኪያዳግት ድረስ አንድ ዓይነት ሆነዋል። ቢጫ ካቢን፣ የወደቀ ዳይኖሰር፣ በሐረግ የተጠመጠመ ሐዲድ፣ ጭጋግ። በሁሉም ውስጥ ሰው የለም። እርስዎ ግን ያንን ቦታ ያለ ሰው አይተውት አያውቁም፤ የሚያውቁት ፓርክ ሰልፍ፣ ጩኸት፣ የጠፋ ልጅ የሚጠራ ድምፅ ማጉያ ያለበት ነው። ፎቶግራፉ ያሳየዎት እርስዎ ገብተው የማያውቁበትን ቦታ ስለሆነ ትዝታዎን የመተካት መብት ሊሰጡት አይገባም።

ለማስመለስ ከዐይን አይጀምሩ፤ ዐይን አሁን በፎቶግራፉ ተይዟል። ከእጅና ከአፍንጫ ይጀምሩ። ሽታ ወደ አንጎል የሚገባበት መንገድ ከሌሎቹ የስሜት ሕዋሳት የተለየ ነው፤ የሚታየውና የሚሰማው ነገር በመሐል ታላመስ በሚባል ክፍል ሲያልፍ፣ ሽታ ግን ስሜትንና ትዝታን ወደሚይዙት ክፍሎች በአጭሩ ይደርሳል። የተጋጪ መኪናዎቹን ሜዳ ያስቡ። ከመኪናው ጀርባ የቆመው ዘንግ ጫፉ በጣሪያው ላይ የተዘረጋውን የሽቦ መረብ እየነካ ኤሌክትሪክ ሲያወርድ ብልጭ ብልጭ ይል ነበር፤ ከዚያ ብልጭታ የሚወጣው፣ ኦዞን የሚባለው ሹል ሽታ ከግሪስና ከጎማ ሽታ ጋር ተደባልቆ በልብስ ላይ ይቀራል። ከዚያ ደግሞ ወደ ፈረሱ ይመለሱ። የያዙት ዘንግ ለስላሳ ነበር ወይስ እንደ ገመድ የተጠመዘዘ? ቀዝቃዛ ነበር? ከወረዱ በኋላ መዳፍዎን ቢያሸቱት የብረት ሽታ ነበረው? በነገራችን ላይ ያ «የብረት ሽታ» የምንለው ነገር የብረቱ ሳይሆን በአብዛኛው የራሳችን ነው፤ በቆዳችን ላይ ያለው ቅባት ከብረቱ ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ሽታ ነው።

እነዚህን ነገሮች ከወንድምዎ ጋር ሳይነጋገሩ በወረቀት ላይ ያስፍሯቸው፤ እርሱም ለብቻው ይጻፍ። አብራችሁ ከተነጋገራችሁ አንዳችሁ የሌላውን ትዝታ ትለብሳላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ለይቶ ማውጣት አይቻልም። ወረቀቶቹን ካለዋወጣችሁ በኋላ የሚገናኙት ነጥቦች ከማንኛውም ፎቶግራፍ ይልቅ ሊታመኑ የሚገባቸው ናቸው። እስከዚያው ግን ሌላ ፎቶግራፍ አይፈልጉ፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደተባለው እንዳይሆንብዎ።

ጥያቄ፦ «አንድ ሱቅ ሲዘጋ ዕቃው ይሸጣል፤ መደርደሪያው ሳይቀር ይነሣል። ታዲያ ፓርክ ሲዘጋ ያ ሁሉ ብረት ለምን ለዓመታት ቆሞ ይቀራል? ባለቤት የለውም ወይ?»

መልስ፦ ባለቤትማ አለው። ብዙ ጊዜ ችግሩ ባለቤት ማጣት ሳይሆን ባለቤት መብዛት ነው። መሬቱ የአንድ ወገን፣ ማሽኖቹ የሌላ፣ ዕዳው የባንክ ይሆንና ሦስቱ እስኪስማሙ ሐዲዱ ላይ ዛፍ ይበቅላል።

ጠያቂያችን ያላዩት ነገር ግን አለ። በየፓርኩ ውስጥ ቆሞ የሚታየው ብረት ሁሉም የቀረ ሳይሆን፣ የሚሸጠው ተሸጦ ካለቀ በኋላ ገዢ ያጣው ነው። የመዝናኛ ማሽን የታወቀ የሁለተኛ እጅ ገበያ አለው። በአሜሪካ ሳን አንቶኒዮ ከተማ የነበረው ፕሌይላንድ ፓርክ በ1980 ሲዘጋ ሮኬት ይባል የነበረው የእንጨት ሮለር ኮስተሩ (በሐዲድ ላይ ሽቅብና ቁልቁል የሚሮጥ መጫወቻ) አምስት ዓመት ያህል ቆይቶ በፔንሲልቬንያ በሚገኘው ኖቤልስ በተባለ ፓርክ ውስጥ እንደገና ተተከለ። በ1985 ሥራ ሲጀምርም ከአመድ የሚነሣውን ወፍ ስም ይዞ ፊኒክስ ተባለ። እንጨት በእንጨት እየፈቱ፣ ቁጥር እየጻፉበት፣ ጭኖ ወስዶ እንደገና መግጠም ከአዲስ መሥራት ብዙም የማያንስ ድካም ስለሆነ እንዲህ ያለ ዕድል የሚገጥመው ጥቂቱን ነው። ለብረት ማቅለጫ እንዳይሸጥ ደግሞ የማፍረሻው ወጪ ከብረቱ ዋጋ ይበልጣል፤ በተለይ ከመሬት በታች ያለውን የኮንክሪት እግር ማውጣት ማንም የማይወደው ሥራ ነው።

አዘጋጉም እንደየፓርኩ ይለያያል። በጃፓን በናራ ከተማ የነበረው ድሪምላንድ የዲዝኒላንድን አርአያ ተከትሎ በ1961 ተከፈተ፤ በ1983 እውነተኛው ዲዝኒላንድ በቶኪዮ አቅራቢያ ሲከፈት፣ በ2001 ደግሞ ዩኒቨርሳል ስቱዲዮስ በጎረቤቱ ኦሳካ ሲመጣ ጎብኚው እየሳሳ ሄደና በ2006 ተዘጋ። ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ያህል እንዳለ ቆሞ ከቆየ በኋላ ማፍረሱ በ2016 ተጀምሮ በሚቀጥለው ዓመት አለቀ። የሚገርመው ዝናው በአብዛኛው የመጣው በሥራ ላይ ሳለ ሳይሆን በእነዚያ አሥር የባዶነት ዓመታት መሆኑ ነው።

በአሜሪካ ኒው ኦርሊንስ የነበረው፣ ሲክስ ፍላግስ የተባለው ፓርክ ሞት ግን ድንገተኛ ነበር። በነሐሴ መጨረሻ 2005 ካትሪና የተባለችው አውሎ ነፋስ ስትቃረብ ፓርኩ ለጊዜው ተዘጋ፤ በበሩ ላይ ባለው ትልቅ ሰሌዳም «በአውሎ ነፋሱ ምክንያት ተዘግቷል» የሚል ጽሑፍ ተለጠፈ። ከዚያ ጎርፉ መጣና ጨው የተቀላቀለበት ውኃ ለሳምንታት ተኛበት። ጨዋማ ውኃ ለብረትና ለኤሌክትሪክ መሣሪያ ምን እንደሚያደርግ ለማንም የተሰወረ አይደለም፤ ከፍ ብሎ የተሠራው ባትማን የተባለው ሮለር ኮስተር ተርፎ ወደ ሌላ ፓርክ ተወሰደ፤ አብዛኛው ሌላ ማሽን ግን እዚያው ዛገ። ለጥቂት ቀን ተብሎ የተጻፈው ሰሌዳ ለዓመታት ሳይነሣ ቆመ። ለእኔ ከፈረሱትም ከዛጉትም ማሽኖች ሁሉ የሚያሳዝነው ያ ሰሌዳ ነው፤ ጽሑፉን የደረደረው ሠራተኛ በጥቂት ቀን ውስጥ ተመልሶ እንደሚያነሣው እርግጠኛ ሳይሆን አይቀርም።

የበርሊኑ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። በ1969 በምሥራቅ ጀርመን መንግሥት የተከፈተው ይህ ፓርክ ሁለቱ ጀርመኖች ከተዋሐዱ በኋላ በግል ባለሀብት እጅ ገብቶ ሽፕሬፓርክ ተባለ። ዙሪያው ጥብቅ ደን ስለ ነበር የመኪና ማቆሚያ እንደ ልብ ማስፋት አልተቻለም፤ ዕዳው ተከመረ፤ በ2001 ኪሳራ ታወጀ። ባለቤቱ በ2002 ስድስት ያህል ማሽኖች ጭኖ በፔሩ ሌላ ፓርክ ለመክፈት ሞከረ፤ ያም አልሆነለትም። በሚቀጥለው ዓመት ከማሽኖቹ አንዱ ወደ ጀርመን ሊመለስ ሲል በምሰሶው ውስጥ 167 ኪሎ ግራም ኮኬይን ተደብቆ ተገኘ። እዚያው በርሊን የቀሩት የዳይኖሰር ምስሎች ግን ማንም ሳይነካቸው በጎናቸው ተጋደሙ።

የፕሪፕያትን ታሪክ ሳላነሣ ባልፍ አንባቢያን ይወቅሱኛል። በዩክሬን በቼርኖቤል የኑክሌር ኃይል ማመንጫ አጠገብ የነበረችው የዚህች ከተማ ፓርክ የሜይ ዴይን በዓል ምክንያት አድርጎ በግንቦት 1 ቀን 1986 ሊከፈት ተዘጋጅቶ ነበር። አደጋው ሚያዝያ 26 ደረሰ፤ በማግስቱም ወደ 50 ሺህ የሚጠጋው ነዋሪ ለሦስት ቀን ያህል ነው ተብሎ በአውቶቡስ ተጭኖ ወጣ። ስለዚህ ያ በዓለም ላይ በጣም ፎቶግራፍ የተነሣው ፌሪስ ዊል (ሰው በካቢን አሳፍሮ ሽቅብ የሚዞር ትልቅ መንኮራኩር) ከሌሎቹ ሁሉ የሚለየው፣ ናፍቆት የሚባለው ነገር ሊኖረው የማይችል መሆኑ ነው። የምርቃቱ ቀን ሳይደርስ ከተማው ባዶ ሆነ፤ ሰዎች የሚያዝኑለት ስላሳለፉበት ሳይሆን ሊያሳልፉበት ስለ ነበረ ጊዜ ነው።

መፍረስ ለዚህ ሙያ አዲስ ነገር አይደለም። ለፌሪስ ዊል ስም መነሻ የሆነው፣ ጆርጅ ፌሪስ ለ1893ቱ የቺካጎ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የሠራው መንኮራኩር 80 ሜትር ያህል ከፍታ የነበረውና 36 ካቢኖቹ እያንዳንዳቸው 60 ሰው የሚይዙ ነበሩ፤ ከ13 ዓመት በኋላ በ1906 በድማሚት ተናደ። በአሜሪካ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ከተከፈቱት ፓርኮች ብዙዎቹን የሠሯቸው የከተማ ባቡር ኩባንያዎች ናቸው፤ ሠራተኛው በማይጓዝበት የዕረፍት ቀን ባቡሩ ባዶውን እንዳይሄድ በመስመሩ ጫፍ ላይ መጫወቻ አኖሩበት። ሰዉ የራሱን መኪና ሲይዝ ባቡሩም ፓርኩም አብረው ሄዱ።

ጥያቄ፦ «በእኛ አካባቢ ያለው የተዘጋ ፓርክ መንኮራኩር ሌሊት ሌሊት ብቻውን ይዞራል ይባላል። በጆሮዬ ሲንቋቋ ሰምቻለሁ። እንዴት ሊሆን ይችላል?»

መልስ፦ ነፋስ ነው። ፌሪስ ዊል በደንብ ከተመጣጠነ ክብደቱ በሁሉም በኩል እኩል ስለሆነ ለማስጀመር ትንሽ ግፊት ይበቃዋል፤ ካቢኖቹም ለነፋስ እንደ ሸራ ያገለግላሉ። የሚይዘው ፍሬን ሲያረጅ ወይም ሲፈታ ይንቀሳቀሳል፤ ግሪስ ያለቀበት ማዕከሉም ይጮኻል። በ45 ሜትር ከፍታው ይታወቅ የነበረው የበርሊኑ መንኮራኩር ለጥገና ተፈትቶ እስከ ወረደበት እስከ 2021 ድረስ ነፋስ በመጣ ቁጥር ቀስ እያለ ሲዞርና ሲንቋቋ ብዙ ሰው ሰምቶታል። ሌሊት ብቻ የሚሰማው ቀን ቀን የከተማው ድምፅ ስለሚውጠው ነው። እርግጥ ይህንን አውቆም ቢሆን በጨለማ ብቻውን በአጥሩ ሥር ማለፍ የሚወድ ሰው አላጋጠመኝም።

ጥያቄ፦ «በልጅነቴ ከአናቱ ላይ ሆኜ አካባቢውን ሁሉ ያየሁበት ፌሪስ ዊል ዛሬም ቆሟል። አጥሩ በአንድ በኩል ተቀዷል፤ ጥበቃም የለውም። ስምንትና አሥራ አንድ ዓመት የሆናቸውን ልጆቼን ይዤ ገብቼ ላሳያቸው እፈልጋለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ? ደግሞስ ያ መንኮራኩር በእርግጥ ምን ያህል ይረዝም ነበር? ለእኔ ከደመና በላይ ይመስለኝ ነበር።»

መልስ፦ አይግቡ። አጥር ተቀደደ ማለት ፈቃድ ተሰጠ ማለት አይደለም፤ ከሕጉ በፊት ግን የልጆቹ ደኅንነት ይቀድማል። የዛገ ብረት ሁልጊዜ ዝገቱን ከላይ አያሳይም። የመንኮራኩርና የሐዲድ ምሰሶዎች ብዙ ጊዜ ውስጣቸው ባዶ የሆነ ቱቦ ስለሆኑ ውኃ ገብቶባቸው ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላሉ፤ ቀለሙ ደኅና መስሎ የሚታይ ደረጃ በሕፃን ክብደት ሊሰበር ይችላል። በየማሽኑ ሥር ሞተሩ የሚቀመጥበት ጉድጓድ አለ፤ ክዳኑ ሲወድቅ ውኃ ይሞላዋል፣ ሣር ይሸፍነዋል፣ ከላይ ሲያዩት መሬት ይመስላል። በአሮጌ ሕንፃዎቹ ጣሪያ ውስጥ ሳንባን የሚጎዳው አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል። የሚያምረውን ነገር እንኳ እጅ ላይ ሲያደርጉት አያምርም፦ ከፋይበርግላስ የተሠሩት መቀመጫዎችና እንስሳት ስለማይዝጉ ቀለማቸው ከሩቅ ደኅና ይታያል፤ ነገር ግን ለዓመታት ፀሐይ የበላው ላዩ ወደ ዱቄትነት ስለሚለወጥ በጣት ሲነኩት ቀዩ ከጣት ጋር ይመጣል፣ ከተሰበረበት ደግሞ በዐይን የማይታይ የመስተዋት ክር ቆዳ ውስጥ ገብቶ ለቀናት ያሳክካል።

ፍላጎትዎ ግን የሚያሳፍር አይደለም፤ የቆየም ነው። በኒው ዮርክ ኮኒ አይላንድ የነበረው ስቲፕልቼስ ፓርክ በ1907 በእሳት ሲወድም ባለቤቱ ጆርጅ ቲልዩ የሚጤሰውን ፍርስራሽ ለማየት አሥር ሳንቲም እንደሚያስከፍል በማግስቱ ሰሌዳ ለጠፈ፤ ፓርኩንም መልሶ ሠራው። እስከ 1964 ድረስ ዘለቀ። ዛሬ ከእርሱ የቀረው 76 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የፓራሹት መዝለያ ግንብ ነው፤ አይሠራም፣ ግን በቅርስነት ተጠብቆ ቆሟል፤ ማንም ሰው አጥር ሳይዘል ከሥሩ ሆኖ ሊያየው ይችላል። በበርሊንም አጥር የሚዘሉ ሰዎች ሲበዙ መፍትሔ የሆነው በአስጎብኚ የሚመራ ጉብኝት መፍቀድ ነበር። እርስዎም የመሬቱ ባለቤት ማን እንደ ሆነ አጣርተው በጽሑፍ ቢጠይቁ የሚያጡት ነገር የለም። የሚገርመው፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከአንድ ሰው ሲመጣ መሳቢያ ውስጥ ይገባል፤ በዚያው ፓርክ የተጫወቱ ሃያ ሰዎች ፈርመውበት ሲመጣ ግን የሚያነበው አያጣም።

እስከዚያው ልጆቹን ከአጥሩ ውጭ ይዘዋቸው ይሂዱና ዙሪያውን ይራመዱ። ፓርክን ለማያውቀው ሰው የሚገልጸው ማሽኑ ብቻ አይደለም፤ ሰልፉ የት ይቆም እንደ ነበር፣ የእርስዎ አባት የት ቆመው ይጠብቁ እንደ ነበር፣ የመግቢያው ትኬት በየትኛው መስኮት ይሸጥ እንደ ነበር በጣትዎ እያመለከቱ ይንገሯቸው። ልጆች «ከዚያስ?» ብለው የሚጠይቁት እንዲህ ያለውን ነገር ነው፤ ዝገት ለአምስት ደቂቃ ብቻ ያስገርማቸዋል። ከዚያ በኋላ በሥራ ላይ ያለ መንኮራኩር ወዳለበት ቦታ ወስደው ያሳፍሯቸው። የቪየናው ታላቅ መንኮራኩር በ1897 ተሠርቶ በ1944 በጦርነቱ እሳት ተቃጥሏል፤ ሲጠገን ከ30 ካቢኖቹ 15ቱ ብቻ ተመልሰውለት በግማሽ ጭነት ዛሬም ይሠራል። የተቃጠለውን አይቶ ከማዘን፣ በቀሩት ካቢኖች ተሳፍሮ ስለጠፉት ማውራት ለልጆች የሚቀል ይመስለኛል።

ስለ ከፍታው የጠየቁትን ደግሞ ልጆቹ ራሳቸው ይመልሱልዎ። ወደ 100 ሜትር ያህል ራቅ ብለው ይቁሙ፤ አንደኛው ልጅ እርሳስ ይዞ ክንዱን ሙሉ በሙሉ ይዘርጋ፤ አንድ ዐይኑን ጨፍኖ ከሁሉ በታች ያለውን ካቢን ከጣሪያው እስከ ወለሉ በእርሳሱ ላይ በጥፍሩ ይለካ። ያንን ልክ እየደጋገመ ከመሬት እስከ መንኮራኩሩ አናት ስንት ጊዜ እንደሚገባ ይቁጠር፤ ሌላኛው ልጅ ይጻፍ። ሰው የሚቀመጥበት ዝግ ካቢን በግምት ሁለት ሜትር ያህል ስለሆነ የተገኘውን ቁጥር በሁለት ማባዛት ነው። ለማነጻጸሪያ ያህል የፕሪፕያቱ መንኮራኩር 26 ሜትር ነው፤ የቪየናው 65 ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። የእርስዎ 20 ሜትር ብቻ ሆኖ ቢገኝ አይደንግጡ፤ በዚያን ጊዜ ቁመትዎ ከአንድ ሜትር ብዙም ያልበለጠ ስለ ነበር የሚለኩበት መለኪያ ሌላ ነበር። ልጆቹ ከመቁጠራቸው በፊት ግን የእርስዎን ግምት በወረቀት ጽፈው አጥፈው ይያዙት፤ ሁለቱንም ቁጥሮች ላኩልን፣ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።